የሐኪም ቤቷ ፎቶግራፍ አንሺ የእትዬ ግማሽ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ግማሽ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሚያዝያ 6 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ መስኮት ነበረው። መስኮቱ እስከ እኩለ ቀን የአባት፣ ከዚያ በኋላ የእናት ነበር፤ ብርሃን በተራ በሚታደልበት ቤት አደጉ።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1957 ዓ.ም. አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ባለቤቱ ቅንጣቱ እጅግ በላመ ባለ ቀለም ስላይድ ፊልም ማንሳትን አስተማሯቸው። ይህ ፊልም ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ታጥቦ የሚወጣው ራሱ ምስሉ ስለሆነም በኋላ በኅትመት የሚቃና ስህተት የለም። ባለቤቱ ቀለሙ እንዲደምቅ ብለው ሁልጊዜ የብርሃን መለኪያው ከሚለው ግማሽ ደረጃ አጨልመው ያነሱ ነበር። እትዬ ግማሽም ይህን ልማድ አሥር ዓመት ሠሩበት።

በ1967 ዓ.ም. በአንድ ሐኪም ቤት የቁስል ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። በገቡ በአምስተኛው ቀን የአንድ ወጣት አናጺን የተጨፈለቀ እግር አነሱ። የቀደሙትን ሁለት ስላይዶች ያነሱት ከእሳቸው በፊት ሠርተው ጡረታ የወጡት ባልደረባ ነበሩ። እግሩ አብጦና ተላልጦ ስለነበር ሐኪሞቹ ለውጡን የሚለዩት ስላይዶቹን በማነጻጸር ነበር። ሦስቱ ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ሲታዩ በሦስተኛው የሞተው ሥጋ ጥቁረት ቁርጭምጭሚቱን ያለፈ መሰለ። በማግሥቱ ከጉልበት በታች እንዲቆረጥ ተወሰነ።

እትዬ ግማሽ ስላይዱን በአጉሊ መነጽር ደግመው ሲያዩት ከእግሩ ሥር ያለው ነጭ አንሶላም ግራጫ ሆኖ አገኙት። አንሶላ በደም እጦት አይጠቁርም። የሙከራ ጊዜያቸው ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ቀጥ ብለው ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሄዱ።

«ዶክተር፣ የጠቆረው እግሩ አይደለም፤ የኔ ፊልም ነው።»

«በስንት?»

«በግማሽ።»

«ለግማሽ ነው ሙሉ እግር ልቆርጥ የነበረው?»

ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን አቆሙ። እግሩ ብርሃን የሚመዘንበት ግራጫ ካርድና ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ እንደገና ተነሳ፤ የሐኪም ቤቱ ፊልም አጣቢም ጥቅልሉ እስኪሞላ ሳይጠብቁ አጠቡት። ጥቁረቱ በመጀመሪያው ስላይድ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም ነበር። አናጺው ሁለት ጣቶቹን ብቻ አጥቶ በ23ኛው ቀን ወጣ። እኅታችን ከሥራቸው አልተባረሩም፤ ነርሶቹ ግን «ግማሽ» የሚለውን ስም አወጡላቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

በ1969 ዓ.ም. ከዚያው ፊልም አጣቢ ጋር ትዳር መሠረቱ። በሠርጋቸው ቀን ፎቶ አንሺውን «ወንድሜ፣ መለኪያህን እስቲ ልየው» ሲሉት ሙሽራው «ኧረ ዛሬ እንኳን ዝም ብለሽ ተነሺ!» ማለታቸው እስከ ዛሬ ሁላችንንም ያሥቃል። ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ልጆቹ ትኩሳት ሲይዛቸው እትዬ ግማሽ ቴርሞሜትሩን ሦስቴ ካላዩ አያምኑም ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሳንባ ሕመም ገጠማቸው። ኤክስሬያቸውን ባዩ ጊዜ «ሕመሙ ባያምርም አነሳሱ ጥሩ ነው» ብለው ሐኪማቸውን አሥቀዋል። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ታናሽ ወንድማቸውን ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን ጨለማ በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

ሐኪም ቤቱ መዝገቡን አገላብጦ እንደነገረን፣ እትዬ ግማሽ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የታካሚ አካል ከመቆረጡ በፊት «እንደገና ይነሳልኝ» ያሉት 64 ጊዜ ነው። በ55ቱ የሐኪሞቹ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ በዘጠኙ እጅ ወይም እግር ተርፏል።