ያልተደገፉበት መደገፊያ

ሶስናዬ፣ ከቆሰበር ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ ከዝናቡ አናጢው ጋሽ ይኸነው ቤት ተጠልዬ አንድ አሮጌ ወንበር አየሁ። አባታቸው ከመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ጋደም የሚሉበት ወንበር አይተው፣ በዋንዛና በጠፍር አስመስለው የሠሩት ነው። ስልሳ ዓመት ሆኖታል። የመቀመጫው ጠፍር ከፊት ጠርዙ አልቋል፤ የመደገፊያው ግን ትናንት የተወጠረ ይመስላል።

ምነው ብላቸው፣ «እንግዳ ፊት ማን ይጋደማል፣ ልጄ? ሁሉም ጫፉ ላይ ቁጢጥ ይላል። አባቴ ይህን አየና ቀጥሎ የሠራቸውን ሁሉ መደገፊያቸውን ቀና አደረገው» አሉኝ።

«ይህኛውንስ ማን ተደገፈበት?» አልኳቸው።

«ማንም። እናቴ ልትደገፍ ስትል ሁልጊዜ ሰው ይመጣል።»

እኔ የናንተ ቤቱ ወንበር ትዝ አለኝ፤ «የሚደገፍበት የለም፣ ልሽጠው» ያልሽው። እናትሽ እትዬ ውቢትም እኮ እኛ በገባን ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ለእሳቸውም ለሰፈሩም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ወንበሩን ከመሸጥሽ በፊት ግን የውጭውን በር ዝጊና እስቲ እትዬ አንዴ ደገፍ ይበሉበት።

ሜላት