ሰማያዊ በር ያላት ኤንትሬ

ሰኞ

አባየ ዛሬም ከቤት ወጡ። በዚህ ወር ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ የወባ ስላይድ እያየሁ ስልኬ ጮኸ። እትየ ብርቄ ናቸው፣ የጭነት መኪኖቹ መቆሚያ አጠገብ ሻይ የሚሸጡት ጎረቤታችን። «ስመኝ፣ አባትሽ እዚህ ናቸው። የሰው መኪና ጎማ እየረገጡ ይዞራሉ፤ ቶሎ ነይ!»

ጓንቴን ሳላወልቅ ሮጥሁ። አንድ ተሳቢ ጥላ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። በዚህ በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ኮት ለብሰዋል።

«ማንን ፈልገው ነው አባየ?»

«መኪናየን ነዋ! እዚህ ነበር ያቆምኋት።»

መኪናቸው ኤንትሬ ነበረች፤ ፊቷ ጠፍጣፋ የሆነ የድሮ የጣሊያን ጭነት መኪና። ሃያ ሦስት ዓመት ሰሊጥ ጭነውባታል። የተሸጠች ጊዜ እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ይኼን ብነግራቸው ያዝናሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይረሱታል፤ ነገ ብደግምላቸው እንደ አዲስ ያዝናሉ። ስለዚህ መናገሩን ትቼዋለሁ። እኔንም ከረሱኝ ስድስት ወር አለፈ። አንዳንዴ ነርስ፣ አንዳንዴ የቤት አከራይ ነኝ።

ወንድሜ ጌታሁን ከጎንደር ደወለ። «አንድ ጊዜ ቢደገም መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» አለኝ። የእሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ይቆለፋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። እኔም እፈራለሁ። ግን ዕድሜያቸውን መንገድ ላይ የኖሩ ሰውየ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲቀመጡ አይታየኝም።

ለግቢው በር ቁልፍ ገዛሁ። እስከ ዛሬ መሸንጎሪያ ብቻ ነበረው።

ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ትንንሽ የአሻንጉሊት መኪና ማደስ እንደምወድ ይኼ ደብተር ያውቃል። ከማዶ ከሱዳኗ ገላባት በጆንያ ከሚመጣው ልቅምቃሚ መርጬ ገዝቼ፣ ቀለማቸውን ልጬ፣ እንደገና የቀባኋቸው አሥራ አንድ አሉኝ። ሳትወልድ አሻንጉሊት ታጠራቅማለች ይሉኛል። ይበሉ። አልጋየ ሥር ካርቶን ውስጥ አንድ ያልነካኋት የቆርቆሮ መኪና አለች፤ ክንድ ታህላለች፣ ፊቷ ጠፍጣፋ ነው። እሷን እንደ አባየ መኪና ብቀባት፣ «መኪናዎ ይኸው ግቢ ቆማለች» ብላቸው፣ ፍለጋውን ይተዉ ይሆን?

ሲጻፍ የሞኝ ነገር ይመስላል። ቢሆንም ቀለሟ እንዲለቅ ፍሬን ዘይት ውስጥ ነክሬያታለሁ።

ማክሰኞ

የድሮው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ደስ አለኝ! በጥርስ ብሩሽ ፈተግኋት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኋት፣ ጸሐይ ሳትወጣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀባኋት።

እዚህ አገር ቀለም መቀባት ከጸሐይ ጋር መሽቀዳደም ነው። ሦስት ሰዓት ካለፈ ቀለሙን የሚያቀጥነው ቲነር አየር ላይ ይተናል፣ ቀለሙ ሳያርፍ ይደርቅና ፊቱ ሻካራ ይሆናል። ስለዚህ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ እጠቀልላለሁ፣ የተቀባውን ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ሳፋ እደፋበታለሁ። ቀለምና ቲነሩን በሲሪንጅ እለካለሁ፤ ሁለት እጅ ቀለም፣ አንድ እጅ ቲነር። የላብራቶሪ ሰው መሆኔ የሚጠቅመኝ እዚህ ላይ ነው።

ያለኝ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አባየ መኪናዋን ተደግፈው ይስቃሉ። ቀይ እንደነበረች ከራሳቸው ሰምቻለሁ። ሌላውን ጌታሁን ያውቃል፤ ልጅ ሳለ ትምህርት ሲዘጋ አብሯቸው ይሄድ ነበር። ግን እሱን ምን ብየ ልጠይቅ? «አሻንጉሊት እየቀባሁልህ ነው» ልበለው?

አባየ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋሉ። ቁልፉን አራት ጊዜ ነካክተውታል፤ እትየ ብርቄ ናቸው በአጥር አይተው የነገሩኝ። እስረኛ ያደረግኋቸው መሰለኝና ምሳ አልበላልኝ አለ።

ረቡዕ

ማታ አንድ እጅ ቀይ ቀብቻት ነበር፤ ሁለተኛውን ንጋት ላይ ደረብሁ። አበራች። በዕድሜየ እንዲህ ያማረ ሥራ አልሠራሁም፤ ፊቴን አየሁባት።

ምሳ ሰዓት ላይ አባየ ፊት አስቀመጥኋት።

«አባየ፣ ይችን ያውቋታል?»

ዞር ዞር አድርገው አዩ። «ቆንጆ ናት» አሉ። «የማን ናት? ሹፌሩን ጥሪው፣ እዚህ አቁሞ መንገድ ዘግቷል።»

ሁለት ቀን ሙሉ የለፋሁበት ነገር በአንድ ቃል ገደል ገባ። ማልቀስ አማረኝ። ግን የታካሚ ታሪክ እንደምጠይቅ ቀስ ብየ ጠየቅሁ። «የእርስዎስ ምን ትመስላለች?» ወዲያው ፊታቸው በራ።

«የእኔማ የግራ በሯ ሰማያዊ ነው። ቀዩን በር የሽንፋ ወንዝ በላው። የተገኘውን በር ገጠምንላት።»

ይኼን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም! በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀይና ሰማያዊ አንድ ነው።

ሰማያዊ ቀለም ፍለጋ ከተማውን አዳረስሁ። ከማዶ ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ የሚመጣ ዕቃ ቀንሷል። በመጨረሻ የተገኘው የጥፍር ቀለም ነው። ባለሱቁ «ሲስተር፣ ሠርግ አለ እንዴ? ሳትነግሪን!» ብሎ ሳቀብኝ። ሲስተር አይደለሁም፤ ግን እዚህ ነጭ ጋወን የለበሰች ሁሉ ሲስተር ናት። ሠርጉ የበር ነው አልሁት። ግራ ገብቶት ቀረ።

ሐሙስ

የዛሬውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ንጋት ላይ የጥፍር ቀለሙን ቀይ በሩ ላይ ደረብሁት። አላወቅሁም እንጂ ሁለቱ ቀለም አይስማሙም፤ ከሥር ያለውን ቀይ አንሥቶ አሸበሸበው። ተናደድሁ። በሩን ብቻ እስከ ቆርቆሮው ፍቄ፣ ሰማያዊውን በባዶው ላይ እንደገና ቀባሁት። በዚያ ተጠምጄ ሰዓቱ ሄደብኝ። ዘልየ ተነሥቼ ወደ ሥራ ሮጥሁ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ለመኪና በር ስጨነቅ የግቢውን በር ክፍት ትቼ ሄድሁ።

አራት ሰዓት ላይ እትየ ብርቄ ደወሉ። «አላየኋቸውም፤ ቤትም የሉ።» መቆሚያው ዘንድ የሉም። ቤተ ክርስቲያን የሉም። ባጃጅ ተኮናትሬ ዞርሁ። በእንዲህ ያለ ሙቀት አንድ ሽማግሌ ስንት ሰዓት እንደሚችል ሥራየ ስለሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ነው የገደለኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጉምሩክ ሰልፍ ውስጥ ተገኙ። ፈቃድ የሚጠብቅ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ሹፌሩ ውሃ እየሰጣቸው ነበር። «ወዴት ልሸኝዎ አባት ስላቸው፣ መኪናየን ካገኘሁ ራሴ እሄዳለሁ አሉኝ» አለኝ። አመሰገንሁትና አባየን ደግፌ አወረድኋቸው።

ለጌታሁን አልነግረውም ብየ ነበር። እኔ ሳልደውል ሰምቷል፤ መተማ ውስጥ ምን ይደበቃል? «ቅዳሜ እመጣለሁ። ልብሳቸውን አዘጋጂ» አለና ዘጋ። በሩን የተውሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ መኪናዋን እንዲሁ አሳየኋቸው። በሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«በሩ የእኔ ነው» አሉ። «መኪናዋ ግን የሰው ናት። አቧራ እንኳ የላትም።»

ዓርብ

ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ይገባው ነበር። የሰሊጥ መኪና እንዴት ያበራል? እኔ ግን እንደ ልማዴ አዲስ አደረግኋት። አባየ አዲስ መኪና ነድተው አያውቁም።

ፈቃድ ጠይቄ ከሥራ ቀረሁ። የሠራሁትን ማበላሸት ጀመርሁ። ደስ የማይል ሥራ ነው። ያን ፊቴን ያየሁበትን ቀይ በብርጭቆ ወረቀት አደበዘዝሁት፤ መጀመሪያ ስነካው ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። የጭነቱን ሣጥን ጠርዝ በመዶሻ ቀጠቀጥሁ። ከጓሮ ዋልካ አፈር ቆፍሬ በፋሻ ነፋሁት፣ በሙጫ ለወስሁት፣ ጎማዎቹና ጭቃ መከላከያው ላይ ለጠፍሁት። የሽንፋ መንገድ በክረምት እንዲህ ነው፤ ጭቃው አይለቅም።

እትየ ብርቄ በአጥር አዩኝና «ትናንት ስታሳምሪያት አልነበር? ምነው ዛሬ አፈር አለበስሻት?» አሉኝ። የሚሉት እውነት ነው።

ያልደረቀ፦ ጭቃው። ያልተሠራ፦ መስታወት፣ ፍሬቻ። ያልታጠፈ፦ የአባየ ልብስ። ልብሱን ሁለት ጊዜ አወጣሁት፣ ሁለት ጊዜ ሣጥን ውስጥ መለስሁት።

ነገ ካላወቋት የምለው የለኝም። ጌታሁን ይወስዳቸዋል፣ እኔም መኪና የሚባል አልቀባም።

ቅዳሜ

ጌታሁን በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ባዶ ሻንጣ ይዟል። መኪናዋ በረንዳው ላይ ነበረች፤ ሳልደብቃት ገባ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው።»

«ሽማግሌ እየጠፋ አንች መኪና ትቀቢያለሽ?»

እውነት ስለሆነ ነው ያመመኝ።

አባየ ፊታቸውን ታጥበው ወጡ። ጌታሁንን እንደ እንግዳ ሰላም አሉት። ከዚያ አዩዋት። ጉልበታቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። ሰማያዊ በሩን ነኩ፣ ከጭቃ መከላከያው ላይ በጥፍራቸው ትንሽ ጭቃ ፈለጡና ጣታቸው ላይ አሹት። ቀስ ብለው አዙረው ፊቷን ወደ ግቢው በር አደረጉት። ከዚያ መሬት መሬቱን አይተው ባቄላ የምታህል ጠጠር አነሡና ከኋላ ጎማዋ ሥር ሸጎጡ።

«ኻላስ፣ በቃ» አሉ። «ደክማለች። ዛሬ አንወጣም።»

ጌታሁን ሻንጣውን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጠጠሯን እያየ ነው የተናገረው።

«ታኮ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። እሳቸው ሲያቆሙ እኔ ዘልየ ወርጄ ድንጋይ ከጎማው ሥር አደርጋለሁ። አንድ ቀን ሽንፋ ወንዝ ዳር ረሳሁ። ወደ ኋላ ተንከባልላ ገባች። በሩ ያኔ ነው የሄደው። እሳቸው ለሰው ሁሉ ፍሬን እምቢ አለኝ ነው ያሉት፤ አንድ ቀን እንኳ በእኔ አላሳበቡም።»

እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። አባየ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጠው የከርከዴ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር፤ አልሰሙንም።

ምሳ በልተን ተስማማን። እስከ መስከረም እዚሁ ይቆያሉ። እኔ በሌለሁበት ጠዋት ጠዋት እትየ ብርቄ አጠገባቸው ይሆናሉ። የስልክ ቁጥሬ ኮታቸው ውስጥ በክር ይጠለፋል። ቁልፉን ደግሞ አንገቴ ላይ አሥሬ እውላለሁ። ጌታሁን ሻንጣውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ። ሲሰናበተኝ «የጎን መስታወቱ የግራው ብቻ ነበር» አለኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባየ በረንዳው ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ጠጠሯን አውጥተዋታል። ሊሄዱ ነው አልሁ። አንድ ቀን ብቻ! አንድ ቀን ብቻ ነው የሠራው አልሁ በልቤ።

ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር ያያሉ። ቀና ብለው እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ እጄ ላይ የቀረው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ላይ ዐይናቸው ቆመ።

«አንች የጋራዡ ልጅ ነሽ?»

ልጅዎ ነኝ ልል ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ነበር። ስንት ጊዜ ብያቸዋለሁ፤ ባልሁ ቁጥር የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። አመመኝ፣ ግን ዋጥሁት።

«አዎ አባየ፣ የጋራዡ ነኝ።»

«ዘይት ታፈሳለች። እንዲህ ሆና መንገድ አትወጣም።»

አብሬያቸው ተንበረከክሁና አየሁ። ጭቃው ሳይደርቅ ሙጫው ቀልጦ ወርዷል፤ ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሠርቷል። እውነትም ዘይት ይመስላል። ዓርብ እንዲያ ስጣደፍ ያበላሸሁት ነው።

«ትሠራለች» አልኋቸው። «ግን ጊዜ ትወስዳለች።»

«ስንት ቀን?»

«ብዙ ቀን አባየ። ዕቃው ከሩቅ ነው የሚመጣው።»

ወደ ግቢው በር አዩ፣ ወደ መኪናዋ አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉት።

«እንግዲያ ሥሪያት» አሉኝ። «እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።»