ኩሬው ፀሐይ ካየ ወዲህ

አስካልዬ፣ የኔ ነገረኛ፣

አፈር ከለበስሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ሱሉልታ እንደምታውቂው ነው። ልጃችን ጽጌ ቁመቷ እኔን ሊያክል ምንም አልቀረው፤ ላሚቱም ወልዳለች። ደጉን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለው ስለከበደኝ ነው።

ለተማሪዎችሽ ልታሳዪ የኩሬ ውሃ ሞልተሽ መስኮቱ ላይ ያስቀመጥሽው ጠርሙስ ትዝ ይልሻል? በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለሽ በአንድ በኩል ብቻ ቀዳዳ ተውሽለት። በማግስቱ ስትገልጪው አረንጓዴው ዝቃጭ ሁሉ ቀዳዳው ጋ ተሰብስቧል። ጠርሙሱን አዞርሽው፤ እሱም ውሎ አድሮ ወደ ብርሃኑ ዞረ። የባክቴሪያ ዘር ነው፣ ዓይን የለው እግር የለው፣ ብርሃን ግን ያውቃል እያልሽ ስትፈነድቂ፣ እኔ ደግሞ የተማሪዎችሽን አተላ ከፊቴ አንሺልኝ እያልኩ ሳበሽቅሽ! ከዚያ ግን ፊትሽ ጠቆር አለ። የኩሬው ዳር ጽዶች ከተቆረጡ ይሄ ነገር ፀሐይ አግኝቶ ይፈላል፣ መርዝም አለው አልሽ። ማን ይስማሽ? ፀሐይ የመታው ውሃ ጤና ነው ይላል ሰዉ።

ለተዝካርሽ ማገዶ ሲጠፋ ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ የኛ መምህርት ተዝካር በጭራሮ አይወጣም ብለው ከኩሬው ዳር ጽዶች ግማሹን አስቆረጡ። እኔ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ተፈልጦ ከተከመረ በኋላ ነው። በፍቅር ያደረጉትን ምን ልበላቸው?

አሁን ኩሬው ቀለም የተደፋበት መስሏል። አረንጓዴው ዝቃጭ ማለዳ ታች ይተኛል፣ ፀሐይ ስትበረታ ወደ ላይ ይወጣል። የኦቦ ቶሎሳ ጥጃ ከዚያ ጠጥታ በረት ሳትደርስ ወደቀች። ቡዳ በላት ተባለ። ጽጌን ከላይኛው ምንጭ በቀር እንዳትቀዳ አስምዬያታለሁ፤ የጎረቤት ልጆች ግን ዛሬም እንስራቸውን ከኩሬው ይሞላሉ። እፈራለሁ አስካልዬ፣ በጣም እፈራለሁ።

የሙት ዓመትሽን ድግስ ትቼዋለሁ። ንፉግ ይሉኝ እንደሆን ይበሉኝ! እኔ እስካለሁ አልረሳሽም፤ በስምሽ ግን እሳት አይነድም። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ፣ የኩሬውንም መርዝ፣ ለሰፈሩ ተናገርኩ። ኦቦ ቶሎሳ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ በኦሮምኛቸው ጃባዱ፣ በርታ፣ አይዞህ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ፣ እኛ አለንልህ አሉኝ።

ይህን ስጽፍልሽ በኩሬው በኩል መጥረቢያ ይሰማኛል። ላንቺ ሙት ዓመት ብለው የቀረውን ጽድ እየጣሉት ነው።