ፕሮፌሰር ሻፍሪዛል ባህቲያር፦ የመጨረሻውን ገጽ ያልዘለሉ መምህር

ፕሮፌሰር ሻፍሪዛል ከአባታቸው ከአቶ ባህቲያርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኑርሲዳር እ.ኤ.አ. በ1954 በምዕራብ ሱማትራ፣ ኮቶ ላዌ መንደር ተወለዱ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ እንደ መንደራችን ወንድ ሁሉ፣ መኝታቸው መስጊድ ሆነ፤ ቁርኣንም እዚያው ቀርተው አኸተሙ።

በ1979 ፓዳንግ ከተማ በታሪክ ተመርቀው፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የእስልምናን ታሪክ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሩ። ተማሪ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ማየት አይወዱም። ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይወጡና በየመንደሩ ቆጥ ላይ የተረሱ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሱ ነበር። የቤቱን እናት ሳያስፈቅድ ኪታብ የነካ ተማሪ ወዮለት! በ1983 ወይዘሮ ኤልፊያርኒን አግብተው ሐሊማንና ፋውዚን ወለዱ።

በ1994 የገዛ መንደራቸውን ኪታብ ሊያነቡ መጡ። የመንደራችን የጥንት ሊቅ ሼህ ጃላል ጻፉት እየተባለ በቢጫ ጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ነው። ሰው ሲታመም ጠርዙን ውሃ ውስጥ ነክረን ውሃውን እንጠጣለን፤ እኔ እህታቸውም ጠጥቻለሁ። የከፈተው ግን አልነበረም። እርሳቸው ከፍተው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ውሃ የበላው የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «የአባቴ ዓይን ከጠፋ ወዲህ ይህን ኪታብ ያዘጋጀሁትም የጻፍኩትም እኔ ሴት ልጁ ራምላ ነኝ።»

የጎሳችን አለቃ፣ የእናታችን ወንድም ዳቱክ ሩስታም ተቆጡ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ የሞተች ሴት ስም ትለቅማለህ? ያቺን ገጽ ዝለላት!»

«አጎቴ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ገጽ ከዘለልኩ ግን ተማሪዎቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«እንግዲያው ስትሞት መቃብራችን አትገባም!»

ኪታቡን ከነስሟ አሳተሙት። ለዩኒቨርሲቲው ክስ ተጻፈባቸው፣ የፕሮፌሰርነት ማዕረጋቸው ዘጠኝ ዓመት ዘገየ፤ አልለመኑም። በየዒዱ እየመጡ የአጎታቸውን እጅ ሊስሙ ይጎነበሳሉ። አጎትየው እጃቸውን ይሰበስባሉ። በዓመቱ ደግሞ ይመጣሉ።

ኩላሊታቸው ሁለት ዓመት አሠቃያቸው። አልጋ ላይ ሆነው፣ «የሕይወት ታሪኬን ተማሪዎቼ ሰው እንዳይቀየም ብለው ያለሳልሱታል። አንቺ ጻፊው፤ አንቺ ማለሳለስ አታውቂም» አሉኝ። ይኸው አላለሳለስኩም። ዛሬ ጁምዓ፣ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ፣ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ዩስኒዳርን ትተዋል።

የአጎታችን ክልከላ እስካሁን አልተነሣም። ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ዕድሜ ይስጣቸው። በአገራችን ሥርዓት አጎት ይመክራል፣ ይቆጣልም፤ መሬት ግን ከእናት ለሴት ልጅ ነው። መቃብሩ ያለበት መሬት የእናቴ ነበር፣ አሁን የእኔ ነው። ወንድሜ ከእናታቸው ጎን ይተኛሉ።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ በጀነት ያኑራቸው። የኪታቡን ጸሐፊ ራምላ ቢንት ጃላልንም ይማራት። አሚን በሉ። እርስዎም አጎቴ፣ እንዲሰማ አድርገው።