በቀዩ ካርታ መሃል ያለችው ሰማያዊ ነጥብ

የካቲት 6፣ ከሰዓት በኋላ
ከቢሮ

ለልጄ ለጭምቴ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ያመዋል፤ ባመመው ቁጥር «ነገ ይዘንባል» ይላል። ዕድሜ ልኬን በአየር ትንበያ ሥራ ላይ የኖርኩት እኔ፣ ጎረቤት ልብስ ከማስጣቱ በፊት የሚጠይቀው ግን እሱን።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። በስልክ ስጠይቅህ «ደህና ነኝ እማዬ» ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ደብዳቤ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ያስወራኛል።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። በየወሩ መጀመሪያ፣ ያለፈው ወር የዓለም አየር እንዴት እንደነበር እንገመግማለን፤ ነፋሱ በየት በኩል ነፈሰ፣ የት ከወትሮው በላይ ሞቀ፣ የት ዝናብ ቀረ። ባልደረቦቼ የምድር ወገብን አካባቢ ይዘዋል፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲያ በሰሜንና በደቡብ ያለውን። አንተ ወደ ውጭ አገር ከሄድክ ወዲህ ይህን ድርሻ ለምኜ መውሰዴን ማንም ልብ አላለም ብዬ ነበር። የክፍል ኃላፊያችን ግን በቀደም «አንቺ ሰሜኑን ስትጀምሪ ሁሌ ከአንድ አገር ነው የምትጀምሪው» ብሎኝ ሳቀ።

ያለፈው ወር ጉደኛ ነበር። እናንተ ጋ ከፍተኛ የአየር ግፊት መጥቶ እንደ ክፉ እንግዳ አልነሳም ብሎ ተቀመጠ። ከምዕራብ ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ መንገዱ ሲዘጋበት በሰሜን ዞሮ አለፈ። ሰሜኖቹ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ እናንተ ጋ ጠብ ያለ ነገር የለም። ካርታው ላይ አካባቢያችሁ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ቀይ ከወትሮው የሞቀ ማለት ነው። ዘንድሮስ ብርዱ ለልጄ ራራለት ብዬ ደስ አለኝ። አንተም ስትደውል «ፀሐይ ነው» አልከኝ።

ግን በቀዩ መሃል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነበረች፤ ያንተ ከተማ። ዙሪያዋ ሁሉ ሲሞቅ እሷ ብቻ ከወትሮው እጅግ ቀዝቅዛለች።

ኃላፊያችን አየና «እዚያ ያለው መለኪያ መሣሪያ ተበላሽቶ ይሆናል፤ እናውጣት» አለ። አልፈረድኩበትም፤ እንዲህ ያለች ነጥብ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያ ብልሽት ናት።

«ከማውጣታችን በፊት ወደ ጣቢያቸው ልደውል?» አልኩት።

«ደውዪ፤ እኔም ጓጉቻለሁ።»

ስልኩን ያነሱት በከተማው የአየር ጣቢያ ሙቀቱን እየለኩ የሚመዘግቡ አንድ አዛውንት ናቸው። የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ እየተንተባተብን ተግባባን። መሣሪያቸው ደህና ነው። «እኛ ያለነው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው» አሉኝ። ነፋስ ሲጠፋ ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል። ከተማው ወሩን ሙሉ በጉም ተሸፍኖ ከርሟል፤ እስካሁንም አልተነሳም። ኮረብታው ጫፍ ላይ ግን ሰው በሸሚዝ ይቀመጣል። ላዩን ያሞቀው ያው ግፊት ነው ታቹን ያቀዘቀዘው። ስንት ዓመት ያነበብኩት ነገር፣ በውስጡ ያለ ሰው ሲነግረኝ እንደ አዲስ ገረመኝ። ኃላፊያችንም ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጦ ሲሰማ ቆየ።

«ለመሆኑ ፀሐይ ታያላችሁ?» አልኳቸው።

«እታች ያለ ሰው? ወሩን ሙሉ አላየም። ሰዉ ሁሉ ከፍቶታል። ሚስቴ እንኳ መጋረጃ መግለጥ ትታለች።»

ስልኩን ዘግቼ ሰማያዊዋን ነጥብ መልሼ አየኋት። ኃላፊያችን ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ጭምቴ፣ ለምን ፀሐይ ነው አልከኝ ብዬ አልጠይቅህም። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር። የምጠይቅህ ሌላ ነው። እንቅልፍ ይወስድሃል? ከምትሠራበት አናጺ ቤት ስትወጣ የምታዋራው ሰው አለ? የስልክህ ካሜራ ተበላሸ ካልከኝ ሰነባብቷል፤ ጢምህን አሳድገህ ወይም ከስተህ ከሆነ አልቆጣም፤ ብቻ ፊትህን አሳየኝ።

ሌላም አለ። አዛውንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ያለውን መሣሪያ ለማየት በመኪና፣ መጨረሻውን ደግሞ በእግር ይወጣሉ። በማግስቱ መልሼ ደወልኩላቸው፤ ያኔ ስለ ሥራ አልነበረም። «ልጅ አለኝ፤ እታች ነው የሚኖረው» አልኳቸው። እሳቸውም «ጫማው ጠንካራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ይዘውህ እንዲወጡ ስልክ ቁጥርህን ሰጥቻቸዋለሁ። ሳላማክርህ በማድረጌ ብትቆጣ ተቆጣ፤ ተቆጥተህም ቢሆን ግን ውጣ። ላይ ስትደርስ ጉሙ ከእግርህ ሥር ተኝቶ፣ የሌሎቹ ኮረብቶች ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ታያለህ ብለውኛል። ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ፤ እኔ በካርታ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ፈጣሪ ደረትህን ከብርድ፣ ልብህን ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ። አባትህ ስሞሃል።

እናትህ

የማታውቀው ቁጥር ከደወለልህ አንሳው።