ወደ ቀኝ የምታጋድለው አሳማ

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

እትዬ ዛሬም ናላዬን አዞረችው። ምንጣፉን ግማሽ ሄዳ ቀጥ! ስድስት ሜትር ነው እኮ... ብትጨርሰው ምን አለበት? አረጋገጧን የሚመዘግብ ውድ ምንጣፍ ነው፤ ለእሷ ግን መሽኛ። ሁለቴ ወለወልኩ። ለቤተ ሙከራ አሳማ ስም አታውጡ ተብለናል፤ ሰባት ቁጥር ናት። እንዲህ የምትኮራን አሳማ "ሰባት" ብሎ መጥራት ግን ነውር መሰለኝ፤ እትዬ አልኳት።

ቤት ስደርስ እማዬ ከበሩ፦ "ልብስሽን እዚያው! እጅሽን!" ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ዘፈን። አባዬ ወንበሩ ላይ። ስትሮክ ከመታው አርባ አንደኛ ቀኑ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ፣ የሰው ዕቃ ይመስል።

"አባዬ፣ ጣትህን እስቲ።"

"ነገ።"

ነገ፣ ነገ! ሐኪሙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወርቅ ናቸው ብሎን ነበር።

ጥቅምት 9፣ ዓርብ

የአክስቴ ልጅ በስልክ፦ "ጤነኛ አሳማ አሳምማችሁ ሰው ልታድኑ?" ምን ልበላት? የአይጥ አንጎል ልሙጥ ነው፤ የአሳማ እንደኛ የተጨማደደ። አይጥ ያዳነ መድኃኒት ሰው ላይ ሲደርስ ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ እትዬን ያደነዝዟታል፣ አንጎሏ ውስጥ አንድ የደም ስር ይዘጋሉ፣ መድኃኒቱን ይሰጧታል። እኔ በፊትና በኋላ አራምዳታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነገርኳትም። ለራሴም መንገር አልወድም።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ጥናቱን የሚመራው ዶክተር አበደ። "ይቺ ገና ሳትመታ ተመትታለች!" እትዬ ስትራመድ አንገቷ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ግራዋን ጭራሽ የረሳች ትመስላለች። ልክ እንደ አባዬ... ነገ ጭንቅላቷ በኤምአርአይ ይታያል። የእኔው ራስ ምታትስ የት ይታይልኝ?

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ጤነኛ። ንጹህ! ታዲያ ምንድን ነው? ዶክተሩ የቀሩትን ስድስቱን ቢያይ ሁሉም ወደ ቀኝ። "ሰባት አሳማ ተማክሮ አንገቱን አያጣምምም" ብሎ ቪዲዮውን ከፈተ።

እኔ ነኝ። ፖም ቆርጬ በእጄ ይዤ ሁልጊዜ በቀኛቸው እሄዳለሁ። በግራ በኩል ግድግዳ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ግድግዳ ውስጥ ልግባ? አምስት ሳምንት ሙሉ ወደ ፖም ማጋደል ሳስተምር ከርሜያለሁ። አበስኩ ገበርኩ!

ዶክተሩ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "እንደገና፣ ከአንድ" አለና ወጣ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ከአንድ። ፖሙ አሁን ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ባልዲ ውስጥ። እትዬ ባልዲውን ትታ እኔን ትፈልጋለች። ኧረ በፈጠረሽ!

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ምሳ ላይ። እማዬ በአባዬ ቀኝ ተቀምጣ ታጎርሰዋለች። ቴሌቪዥኑ በቀኙ። ውሃው፣ መነጽሩ፣ ስልኩ... የእኔም ወንበር በቀኙ። በግራው ባዶ ግድግዳ።

ቤተሰብ ሆነን በደህና ጎኑ ተኮልኩለን ሰውዬውን አጋደልነው! እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ "በግራው ሁኑ" ብላ አልነበር? ብላለች። ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። በግራው ስንሆን አያየንማ። ሳያየን ሲቀር ከፋን።

ተነስቼ የአባዬን ወንበር ቴሌቪዥኑ በግራው እንዲሆን አዞርኩት። እማዬ፦ "አባትሽን እንደ አሳማ ልታሠለጥኚ ነው?"

"አዎ!" ጮህኩባት። አለቀሰች። እኔም።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ሳምንት ሆነ። አባዬ ቴሌቪዥን ማየቱን ተወ እንጂ ወደ ግራ አልዞረም። ግትር! እማዬ አኩርፋኛለች። እትዬ ግን ሐሙስ ዕለት ስድስቱን ሜትር ቀጥ ብላ ሄደች። ዶክተሩ "ጎበዝ" አለ። ለእሷ ይሁን ለእኔ እንጃ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ትናንት የእትዬ የደም ስር ተዘጋ፤ መድኃኒቱም ተሰጣት። ዛሬ ቆማለች፣ ግራ የፊት እግሯን እየጎተተች። አሁን የእውነት ነው። በግራዋ ቆሜ "እትዬ" አልኳት። ድምፄን ሰምታ በቀኝ በኩል ፈለገችኝ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ዘጠና ቀን። ወርቁ አለቀ። የአባዬ እጅ ያው እንዳለ ነው። በማን ልናደድ? በአሳማዎቹ አምስት ሳምንት አቃጠልኩ፤ በእሱስ ስንት?

እማዬ ግን ሳትነግረኝ በርጩማዋን ወደ ግራው አዙራለች። ዞሮ አያት። "እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?" አላት። "እንዳንተው ተቀምጫለሁ" አለችው።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

የእትዬ ቀን ዛሬ ነበር። ሦስት ሳምንት ተኩል ሠርታ መጨረሻ ላይ በግራዋም አየችኝ። የመጨረሻው መርፌ ሲገባ በየትኛው ጎኗ ልቁም? በግራዋ ቆምኩ። ዞራ አየችኝ። ዶክተሩ አንጎሏን ወስዶ "መልካም ውጤት" አለ። ላንቀው ነበር።

ቤት ገባሁ። ልብሴን አልቀየርኩም፣ እጄን አልታጠብኩም። እማዬ ፊቴን አይታ ከበሩ ዞር አለችልኝ። በአባዬ ግራ፣ ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። ስለ አሳማ አለቅሳለሁ? አዎ፣ ስለ አሳማ።

ራሴ ላይ የሆነ ነገር አረፈ። ከባድ፣ የሚንቀጠቀጥ። ቀና አልኩ። ግራ እጁ ነው።

"አሳማ አሳማ ትሸቻለሽ" አለኝ።

እጁን ግን አላነሳውም።