መምህርት እቴነሽ ይሻው፦ ሳይሰሙ ያስታረቁ፣ በኋላም የሰሙ

መምህርት እቴነሽ ይሻው ከአባታቸው ከአቶ ይሻው ደሴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈንታነሽ አድማሱ በ1949 ዓ.ም. ገሳይ አጠገብ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በገሳይ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ታቦር ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1970 ዓ.ም. እብናት ተመደቡ። በ1974 ዓ.ም. ከአቶ ባምላኩ ዘለቀ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዓለምነውንና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ሰብለወንጌልን ወለዱ።

በ1979 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ተዛውረው እስከ ጡረታቸው አንደኛ ክፍል አስተማሩ። ፊደል ሲያስቆጥሩ አይቸኩሉም፤ ልጆች ሲጣሉ ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም። ሁለቱን አቁመው «በሉ ተሳሳሙ» ይላሉ፣ በቃ። በቤትም ልጆቻቸው ማን ማንን እንደመታ ሳይጠየቅ ተሳስመው ይታረቁ ነበር። ሰፈሩም አስታራቂ እያለ ያከብራቸው ነበር።

የሚቀጥለውን ታሪክ ልጆቻቸው ማስቀረት ፈልገው፣ እናታቸውን በሕይወት ሳሉ የቤት ገመና በቀብር ቀን አይነበብም ብለው ለምነዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን «ይህን ከዘለላችሁ ሌላውንም አታንብቡት» አሉ። እንግዲህ ይኸው።

በ1996 ዓ.ም. መሠረት የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪያቸው፣ አንድ የክፍሏ ልጅ በድንጋይ እንደሚያሳድዳት ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው። ሦስቱንም ጊዜ አሳሳሟቸው። በሦስተኛው አልስምም ብላ ስታለቅስ አንገቷን ይዘው ጎንበስ አደረጓት። በዚያው ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ ልጁ በወረወረው ድንጋይ ግራ ዓይኗ ፈሰሰ። አቶ ባምላኩ ስለ ባለቤታቸው ሽማግሌ ልከው ከአባቷ ጋር ዕርቅ ወረደ፤ መሠረትን የጠየቃት የለም። መምህርት እቴነሽም ከዕርቁ ማዕድ ቀርበው በሉ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እርሳቸው ግን ወግተውም አልረሱም።

ከዚያ ወዲህ ማሳሳም ቀረ። በክፍላቸው የተበደለ ልጅ መጀመሪያ ይናገራል፤ የበደለው የሰማውን መልሶ ይደግማል፤ ከዚያ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ሁለቱ ራሳቸው መላ ይፈልጋሉ። ሆዱ ያልሻረ ልጅ ታረቅ ተብሎ አይገደድም። ወላጆችንም እየጠሩ በቤታቸው እንዲሁ እንዲያደርጉ ይመክሩ ነበር። ለዚህ የተሰጣቸውን የምስጋና ወረቀት አፍረው ከሣጥን ሥር ከተቱት።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ በ2011 ዓ.ም. ባለቤታቸው ዐረፉ። በ2015 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ዛሬ ልብስ ሰፊ የሆነችውን መሠረትን አስጠርተው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። «ቲቸር፣ ይቅር ብያለሁ ብልዎት ውሸት ይሆንብኛል። ገና አልቻልኩም» አለች። «እሺ ልጄ፣ አላስቸኩልሽም» አሏት። ሰብለወንጌል ግን እስከ ደጅ ተከትላት «ሊሞቱ ነው፣ ለአፍ ያህል እንኳ ይቅር ብትያቸው ምናለ?» ብላ ለመነቻት። እናቷ ይህን ሰምተው ሦስት ቀን አላናገሯትም። ይህን የጻፈችው ልጃቸው ዛሬም በዚህ ታፍራለች።

መምህርት እቴነሽ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። መሠረትም ከለቀስተኛው መካከል ቆማለች። ካህናት አባቶቻችን፣ ዕድርተኞች፣ ይቅር በያቸው ብላችሁ እንዳትለምኗት የሟች አደራ አለባችሁ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር እንዲያሳርፍልን አሜን ስንል፣ እርሷ ዝም ብትል ማንም ዞሮ አይያት።